ለዘር የምትቀረው አንዷ ኪሎ

አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ከግራም ሲሶ እምብዛም አያልፍም። ኪሎው ሦስት ሚሊዮን ፍሬ ነው ማለት ነው። ከአምቦ እስከ ጊንጪ ባለው ጥቁር መሬት ሐምሌ ላይ በብተና የሚዘራ ገበሬ ለሄክታር 25 ኪሎ ያህል ይጨርሳል፤ 75 ሚሊዮን ፍሬ፣ በካሬ ሜትር 7,500! (በመስመር ዝራ የሚሉት ባለሙያዎች አምስት ኪሎ ይበቃል ይላሉ፤ ወፍና ጉንዳን ግን አልተማከሩም።) ከዚያ 18 ኩንታል ቢያፍስ 5.4 ቢሊዮን ፍሬ ጎተራው ገባ። ሁለት ሄክታር ካለው ፍሬው ከዓለም ሕዝብ በለጠ።

ከዚህ ሁሉ ለከርሞ ዘር የሚያስፈልገው ከሰባ ሁለት ኪሎ አንዱ ብቻ ነው። የዓለም የዘር ሕግ ጭቅጭቅ በዚህች አንድ ኪሎ ላይ ነው ቢባል ብዙም አልተጋነነ።

ከአምቦ በስተ ምዕራብ፣ ባኮ ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነው። የባኮ ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ቢኤች 660 በቆሎ ድቅል ስለሆነ፣ ምርቱ እንዳይወርድ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። ጤፍ ግን ከሌላ ጤፍ ጋር እምብዛም አይዳቀልም፤ የአምናው ፍሬ የዘንድሮ ዘር ይሆናል።

ታዲያ ገበሬው ያችን ኪሎ ለጎረቤቱ ቢለውጥ ወይም አምቦ ገበያ ቢሸጥ ጥፋት ነው? በብዙ አገር ያልተመዘገበ ዘር መሸጥ ያስቀጣል። የእኛው የ2005 ዓ.ም. የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ግን ገበሬው ያስቀረውን ዘር መዝራቱንም፣ ለመሰሉ አነስተኛ ገበሬ መለወጥና መሸጡንም ከአዋጁ ወሰን ውጭ አደረገው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለ ሙግት አይገኝም። በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ባንኩን ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም ይጠበቅ ሲሉ ተሟገቱ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ የአፍሪካን ቡድን ይዘው በዓለም አቀፍ ድርድሮች ለገበሬ መብት ተከራከሩ። ሁለቱም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ2000።

መብት በወረቀት ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስልም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍ ላይ የጥቅም መጋራት ውል ፈረመች። ኩባንያው በ2007 ጤፍን በማቀነባበር ላይ የአውሮፓ ፓተንት አገኘ፤ በ2009 ከሰረ። ለአገሪቱ የደረሳት 4,000 ዩሮ ገደማ ነው። ጤፍ የሚያመርተው ቤተሰብ ከ6 ሚሊዮን በላይ ነውና፣ ቢከፋፈሉት ለአሥራ አምስት ቤተሰብ አንዲት የዩሮ ሳንቲም ብትደርስ ነው። የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በሆላንድ የሻረው በ2018 ነበር።

አዲስ የዘር ደንብ በሚረቀቅበት ጊዜ ሁሉ የጉደርና የጌዶ ገበሬ ይጠራ፤ ከጸደቀ በኋላ ለማስተማር ሳይሆን፣ ከመጻፉ በፊት ለመስማት።