ማካሌ (ሰርጓጅ መርከብ)

ማካሌ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምጽዋን ማዕከሉ አድርጎ በቀይ ባሕር የተሰማራ የጣልያን ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ ነበር። ስሙ የትግራይዋ ከተማ የመቀሌ ስም በጣልያንኛ አጠራር ነው። መርከቡ ጣልያን ወደ ጦርነቱ በገባች በአምስተኛው ቀን፣ ሰኔ 8 ቀን 1932 ዓ.ም. (15 ጁን 1940 እ.ኤ.አ.) በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ ከኮረብታማ የባሕር ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጠፋ። ያጠፋው የጠላት ጥይት ሳይሆን ከራሱ ማቀዝቀዣ የፈሰሰ ጋዝ ነው።

ስያሜው

ማካሌ «የዓድዋ ምድብ» በሚባሉት 17 ሰርጓጅ መርከቦች ውስጥ ይመደባል። መርከቦቹ ወደ ባሕር የወረዱት ከ1936 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ ማለትም ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ወቅትና ወዲያው ከዚያ በኋላ ነው። ከ17ቱ 13ቱ የኢትዮጵያ ቦታዎችን ስም ይዘው ነበር፦ ዓድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አሸንጌ፣ አራዳም፣ ጎንደር፣ ደሴ፣ ነገሌ፣ ደጋሃቡር እና ዌቢ ሸበሌ። የቀሩት አራቱ ስማቸውን ያገኙት ከኤርትራና ከሶማሊያ ነው። «አራዳም» የሚለው ስም የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት በ1928 ዓ.ም. የተዋጋበትን አምባ አራዶምን ያመለክታል፤ ከአዲስ አበባው አራዳ ጋር ግንኙነት የለውም።

አራዳ ግን በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት የስም ለውጥ ደርሶበታል። ዛሬ ፒያሳ የሚባለው የሰፈሩ ክፍል መጠሪያ አደባባይ የሚል ትርጉም ካለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ በወረራው ጊዜ ገበያው ወደ ዛሬው መርካቶ እንዲዛወር፣ በአራዳ የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም እንዲነሣ ተደርጎ ነበር። ሐውልቱ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ወራሪው የራሱን ስም አዲስ አበባ ላይ እየለጠፈ የኢትዮጵያን ስሞች በመርከቦቹ ላይ ይጽፍ ነበር።

መቀሌ የተመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዓድዋ ጦርነት ዋዜማ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የጣልያን ጦር በኢትዮጵያ ሠራዊት ተከቦ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር የውሃ ምንጩ ስለተያዘበት በጥር 1888 ዓ.ም. ምሽጉን ለቆ ወጥቷል። ጣልያኖች ከተማዋን እንደገና የያዟት በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ነው። ለእነርሱ ስሙ የበቀል ስም ነበር።

አሠራሩ

የዓድዋ ምድብ መርከቦች 60 ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው፤ ስፋታቸውና ክብደታቸው መካከለኛ ሆኖ በዋናነት ለሜዲትራኒያን የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዳቸው ስድስት የቶርፔዶ ማስወንጨፊያዎች (አራት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ) ነበሯቸው። ከውሃ በላይ በናፍጣ ሞተር በሰዓት እስከ 14 ኖት፣ ከውሃ በታች ደግሞ በባትሪ በሚሠራ ሞተር 7 ኖት ተኩል ያህል ይጓዙ ነበር። የባትሪው ኃይል ሲያልቅ መርከቡ ወደ ላይ ወጥቶ በናፍጣው ሞተር መሙላት ነበረበት፤ ስለዚህ ቀን ሰጥሞ፣ ሌሊት ተንሳፍፎ መሥራት የተለመደ ነው።

ይህ አሠራር በቀይ ባሕር ችግር አለበት። በሰኔ ወር ባሕሩ ራሱ ሞቃት ስለሆነ የሰጠመ መርከብ አይቀዘቅዝም፤ በውስጡም የሞተሩ፣ የባትሪውና የአርባ ያህል ሰው ሙቀት ይታፈናል። ስለዚህ አየር ማቀዝቀዣው ያለማቋረጥ መሥራት ነበረበት። በማቀዝቀዣው ቧንቧ ውስጥ የሚዘዋወረው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታውም በጣም ደካማ በመሆኑ ሲፈስ በቀላሉ አይታወቅም። በትንሹ ሲተነፍሱት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ፣ ሲበዛ ደግሞ መወላገድ፣ መቃዠትና ራስን መሳት ያስከትላል። የተመረዘው ሰው አእምሮው ስለሚደክም አደጋው መድረሱን ራሱ ላያስተውል ይችላል፤ ከሁሉ የከፋው ጠባዩም ይኸው ነው።

የመጨረሻው ጉዞ

ጣልያን ጦርነት ባወጀችበት ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ማካሌ በመቶ አለቃ አልፍሬዶ ሞሮኔ አዛዥነት ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ አመራ። ተልእኮው ወደ ወደቡ የሚመላለሱትን የእንግሊዝ መርከቦች መጠበቅ ነበር። በጉዞው ላይ ሜቲል ክሎራይዱ ከማቀዝቀዣው መፍሰስ ጀመረ። መርከበኞቹ አንድ በአንድ ታመሙ፤ አንዳንዶቹም ይቃዡ ጀመር። የመርከቡን ቦታ የሚያሰሉትም ሆኑ መሪውን የሚይዙት ከመመረዝ አልዳኑም፤ በኮራል ድንጋይ በተሞላው በዚያ ባሕር ደግሞ ጥቂት ስሕተት ይበቃል። ሰኔ 8 ሌሊት መርከቡ በር ሙሳ ከቢር ከተባለች ትንሽ ደሴት ጋር ተጋጭቶ ቆመ።

መርከበኞቹ ወደ ደሴቲቱ ወጡ። መርከቡም ብዙም ሳይቆይ ከድንጋዩ ተንሸራትቶ ወደ ጥልቁ ሰጠመ። በር ሙሳ ከቢር ዛፍም የምንጭ ውሃም የሌላት፣ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ የማትል የአሸዋና የኮራል መሬት ናት። ጥላ አልነበረም፤ ከመርከቡ የወረደው ስንቅና ውሃም ጥቂት ነበር። ከአርባ አራት ዓመት በፊት በመቀሌ ምሽግ በውሃ ጥም የተሸነፈውን ጦር ስም የያዘው መርከብ ሰዎችም በተመሳሳይ ጥም ተያዙ።

ከመካከላቸው ኤልዮ ሳንድሮኒ የተባለ ወጣት መኮንን ጥቂት ሰዎች ይዞ በመርከቡ ትንሽ ጀልባ እየቀዘፈ ወደ ደቡብ ሄደ። ወደ ኤርትራ ጠረፍ ደርሰው ለጣልያን ጦር ስላስታወቁ ጉሌልሞቲ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ ከምጽዋ ተልኮ ሰኔ 15 ቀን የተረፉትን አነሣቸው። በደሴቲቱ የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ከፒየሞንት ክፍለ ሀገር የመጣው ካርሎ አቼፋሎ ሲሆን ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩት። አጽሙ ለ78 ዓመት ያህል በደሴቲቱ ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሷል።

የቀሩት የቀይ ባሕር መርከቦች

ጦርነቱ ሲጀመር በምጽዋ ስምንት የጣልያን ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩ። ከማካሌ በኋላ ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ሰኔ 12 በዓደን አቅራቢያ በእንግሊዞች ተማረከ። ከዚያም ቶሪቼሊ በፔሪም ደሴት አጠገብ፣ ጋልቫኒ በኦማን ባሕረ ሰላጤ ሰጠሙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከስምንቱ አራቱ አልቀዋል። የጋዙ ችግርም በማካሌ አላበቃም፤ በአርኪሜዴ ሰዎች ሞቱ፣ ፔርላም መርከበኞቿ ተመርዘው ከባሕሩ ጠርዝ ጋር ተጋጭታ በጭንቅ ተርፋለች።

የተረፉት አራቱ በ1933 ዓ.ም. የካቲት ምጽዋን ለቀው፣ አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ በጀርመን እጅ ወደ ነበረችው የፈረንሳይ ወደብ ቦርዶ ሄዱ። መንገዱ ከሁለት ወር በላይ ወሰደ። ከአራቱ ትንሿ ፔርላ የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ ለዚህ ስለማይበቃ አትላንቲስ ከተባለው የጀርመን መርከብ ባሕር ላይ ነዳጅ ተቀብላለች። ምጽዋ መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች፤ አዲስ አበባም በዚያው ሰሞን ነጻ ወጣች።

ከዓድዋ ምድብ መካከል ታዋቂ የሆኑት አክሱምና ሽሬ ናቸው። አክሱም በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. ወደ ማልታ በሚሄዱ መርከቦች ላይ በአንድ ጊዜ በተኮሳቸው አራት ቶርፔዶዎች ሁለት የእንግሊዝ የጦር መርከቦችንና ኦሃዮ የተባለችውን የነዳጅ መርከብ መትቷል። ሽሬ ደግሞ በታኅሣሥ 1941 እ.ኤ.አ. ወደ እስክንድርያ ወደብ ያደረሳቸው ጠላቂዎች ሁለት ግዙፍ የእንግሊዝ የጦር መርከቦችን በፈንጂ አበላሽተዋል፤ እርሱም በሚቀጥለው ዓመት ሃይፋ አጠገብ ከነመርከበኞቹ ሰጠመ። ከ17ቱ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ የቆየው አላጌ ብቻ ነው።