ጭዱ ለበሬው ወይስ ለመሬቱ?

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ ሐሙሲትን ሲያልፍ የፎገራ ሜዳ ይዘረጋለታል። በታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ የጭድ ክምሩ በየአውድማው ዳር ቤት አክሎ ይቆማል። ከክምሩ ጥቂት ራቅ ብሎ የውኃ ፓምፕ እየጮኸ፣ ሴቶችና ልጆች በሽንኩርት መደብ ላይ አጎንብሰው አረም ይነቅላሉ። አረሙን ሊያፍን የሚችለው ጭድ እዚያው አጠገባቸው ነው። ታዲያ ለምን አይጎዘጎዝም?

ጉዝጓዝ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ቡና የሚያለማ ሰው ያውቀዋል። አሠራሩም ቀላል ነው፤ የብዙ አረሞች ዘር ጥቃቅን ስለሆነ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ ከጭድ በታች የበቀለውም ስንቁ ቶሎ ስለሚያልቅበት ብርሃን ሳያይ ይሞታል። የሩዝ ጭድ ሲበሰብስ የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮችም የአንዳንድ አረሞችን ቡቃያ ያቀጭጫሉ። በዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ እርጥበቱን ይይዛል፣ መሬቱም ቶሎ እንዳይሰነጣጠቅ ያደርጋል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጭዱ ባለቤት አለው። ፎገራ ሩዝ ከመግባቱ በፊት የከብት አገር ነበር። ጉማራና ርብ ክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፣ ውኃው ሲሸሽ የሚተወው ሣር የፎገራን ከብት ያሳድግ ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በደራ ወረዳ በጅግናና በፎገራ ወረዳ በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝ ሞከሩ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከጅግና ነው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ሩዝ ሲያበቅል ግጦሹ እየጠበበ ሄደ። ከብቱ ሣሩን አጣ፤ በምትኩ የሩዝ ጭድ ተሰጠው። ስለዚህ «ጭዱን መሬት ላይ በትነው» የሚል ምክር ገበሬውን «ከበሬህ አፍ ንጠቅ» እንደማለት ነው። ጭዱ ቤት ለመምረግም ይፈለጋል፤ ይሸጣልም። ማሳ ላይ የቀረውን አገዳ ደግሞ ልቅ ግጦሹ ያጸዳዋል። አንድ ገበሬ ብቻውን ማሳውን ልሸፍን ቢል እንኳ የጎረቤቱን ከብት የሚያግድለት የለም።

መሬትን ሳያርሱና ሳይገልጡ የማልማት ዘዴ በአገራችን ብዙ ዓመት ተሰብኳል። ቢያንስ ሠላሳ በመቶው የማሳ ገጽ በተረፈ ምርት ይሸፈን የሚለው መመዘኛ ከብት በረት ለሚውልበት አገር ይስማማ ይሆናል። እኛ ዘንድ የከብቱን መኖ ሳይመልስ የመጣ ምክር ሁሉ ከሠርቶ ማሳያው ማሳ አልወጣም። ጥፋቱን በገበሬው ላይ የሚጥሉትን አልቀበልም። ገበሬው መሬትን አለማረስን ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ ሩዙ ሳይታጨድ ጓያውን በእርጥቡ መሬት ላይ በትኖ በሩዙ አገዳ መሃል ያበቅላል።

እንግዲህ ጉዝጓዙ የት ይዋል? ክረምት ሩዝ ማሳ ውስጥ አይሆንም፤ ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። ቦታው የበጋው ሽንኩርት ነው። የሽንኩርት ቅጠል ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፣ መሬቱን አያጠላም፣ ስለዚህ አረም በቀላሉ ይበልጠዋል። ጭዱ የሚገኘውም ችግኙ በሚተከልበት ሰሞን ነው። ችግኙ ሥር ከያዘ በኋላ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መደቡ ላይ ይነጠፋል፤ ቦዩ ግን ባዶ ይተዋል፣ አለዚያ ውኃውን ይገድበዋል። ዘር የቋጠረ አረም የተቀላቀለበት ጭድ መጎዝጎዝ አረም መዝራት ነው። ከሥሩ እየተሳበ የሚነሣውን ሰርዶንም ጉዝጓዝ አያቆመውም፤ እሱ አስቀድሞ ከነሥሩ መለቀም አለበት።

መጠኑም መታወቅ አለበት። አንድ ሔክታር ሽንኩርት ከ40 እስከ 60 ኩንታል ጭድ ይፈልጋል። የሩዝ ጭድ ክብደት ከፍሬው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ይህ የአንድ ሔክታር ሩዝን ጭድ ጠቅልሎ ይወስዳል። ለሩብ ሔክታር ግን ከ10 እስከ 15 ኩንታል ይበቃል፤ ከክምሩ ላይ ይህን ቀንሶ የቀረውን ለከብቱ መተው የሚችል ቤተሰብ አለ፣ የማይችልም አለ።

ለማይችለው ተስፋ የማደርገው በወረታ መፈልፈያዎች ዙሪያ የሚከመረውን ገለፈት ነው። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ሃያ ኪሎ ያህል ገለፈት ይወጣል። ንጹሕ ገለፈት ለከብት መኖነቱ እዚህ ግባ አይባልም፤ ሲሊካ ስለበዛበት ቶሎ አይበሰብስም፣ ለጉዝጓዝ ይህ በጎ ጠባይ ነው። ነፋስና ውኃ ስለሚወስዱት ግን አርጥቦ፣ ከጥቂት ጭድ በታች ማንጠፍ ይሻላል። ከጣና የሚወጣውን እምቦጭ እንጎዝጉዝ የሚሉ አሉ፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ መስኖ ዳር ማድረሱን እቃወማለሁ።

ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። ይህን ገለፈት በገበሬው የሽንኩርት መደብ ላይ፣ የአራሚዋን የሥራ ቀን እየቆጠረ፣ በመጪው በጋ ይሞክርልን።