አውሮፕላንን በዘፈን ማስተማር ይቻላል? ከጉብሬ ሆነን ስናየው

ጉብሬ ውስጥ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ አግኝታችሁ «አውሮፕላንን ማን ሠራው?» ብትሉት «ራይት ወንድማማቾች!» ብሎ ቶሎ ሊመልስላችሁ ይችላል። «እሺ፣ ያ ሁሉ ብረት እንዴት አየር ላይ ይቆያል?» ስትሉት ግን ዝም ሊል ይችላል። እውነቱን እናውራ ከተባለ ብዙዎቻችንም ዝም ነው የምንለው።

ስም መሸምደድና ነገሩን መረዳት ለየቅል ናቸው። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ መረዳት ይከብዳል። ታዲያ መላው ምንድን ነው? አንዱ መላ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው፤ ልጆች ትምህርቱን ራሳቸው እየዘፈኑ፣ እየተወኑ የሚማሩበት። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

👉 ነገሩ አዲስ አይደለም

ሐምሌ 20 ቀን 1921 ዓ.ም ጀርመን ውስጥ ባደን ባደን በተባለች ከተማ «የሊንድበርግ በረራ» የሚባል የሙዚቃ ሥራ ቀረበ። ግጥሙ የቤርቶልት ብሬሽት፣ ሙዚቃው የኩርት ቫይልና የፓውል ሂንደሚት ነበር። ታሪኩ በ1919 ዓ.ም ብቻውን ከኒውዮርክ ፓሪስ 33 ሰዓት ተኩል ስለበረረው ቻርልስ ሊንድበርግ ነው።

የሚገርመው አቀራረቡ ነው። ጭጋጉ፣ የበረዶ ውሽንፍሩና እንቅልፉ እንደ ሰው ድምፅ አውጥተው አብራሪውን ይፈታተኑታል። ብሬሽት ሥራውን ለወንዶችና ለሴቶች ልጆች መማሪያ አድርጎ ነው ያሰበው፦ ሬዲዮው የሌሎቹን ድምፅ ያሰማል፣ የአብራሪውን ክፍል ተማሪው ራሱ ይዘምራል። ቁጭ ብሎ መስማት ብቻ የለም።

ይሄ ከሆነ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ አረፈ። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን ነበር።

👉 የእኛስ ታሪክ?

ለመድረክ የሚሆን ታሪክ ሞልቶናል። በ1928 ዓ.ም ጣልያን እየወረረችን ባለችበት ሰዓት «ፀሐይ» የተባለች ትንሽ አውሮፕላን እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠራች። ስሙ የንጉሡ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ነው። ጣልያን ወስዳት ከ80 ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ተመለሰች። በዚያው ዘመን በረራ የተማረችው ሙሉእመቤት እምሩም አለች፤ ለሴት ልጆቻችን ዋና ገጸ ባሕርይ ትሆናለች።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፀሐይን የሠራት ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ነው፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ። «እኛ ብቻችንን ሠራናት» ብለን ብናስዘፍን ልጆቹን እየዋሸናቸው ነው። ብሬሽት ራሱ፣ ሊንድበርግ ለናዚዎች ያሳየውን ቅርበት አይቶ ከ20 ዓመት በኋላ ስሙን ከሥራው አውጥቶታል፤ በረራው ግን ቀረ። ጀግና ማግነን ቀላል ነው፤ ከባዱ ልጅ አድጎ ሲያጣራው እውነት ሆኖ የሚያገኘውን መንገር ነው።

👉 ፊዚክሱ እንዴት ይዘፈናል?

በበረራ ላይ አራት ኃይሎች አሉ። ልጆቹን አራት ቦታ ክፈሏቸው፦

1. ክብደት፦ ወደ ታች ይስባል። በወፍራም ድምፅ ይዘፍናል።
2. ማንሻ፦ ክንፉ አየሩን ወደ ታች ሲገፋ፣ አየሩ ደግሞ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል።
3. ግፊት፦ ሞተሩ ነው፤ ወደ ፊት ያስኬዳል። ከበሮው የሱ ይሁን፣ ጄሪካንም ይበቃል።
4. ጎታች፦ አየሩ ወደ ኋላ የሚይዘው ነው።

መሃል ላይ አንድ ልጅ የካርቶን አውሮፕላን ይዞ ይቁም። አራቱም እኩል ሲዘፍኑ አውሮፕላኑ ሳይወጣ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከበሮው ዝም ሲል ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የማንሻ ድምፅም አብሮ ይደክማል፣ አውሮፕላኑ መውረድ ይጀምራል። ማንሻ ከፍጥነት ጋር እንደሚሄድ ልጁ በጆሮው ሰማ፣ በዓይኑም አየ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ ሰፊ ካርቶን ትንሽ ወደ ላይ አዘንብለው ይዘው ይሩጡ። እጃቸው ወደ ላይ ሲነሳ ይሰማቸዋል። በእንሰት ቅጠልም ይሞክሩት፤ ቅጠሉ ሲተጣጠፍ ክንፍ ለምን ጠንካራ አጥንት እንደሚያስፈልገው ይገባቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ከክንፉ በላይ ያለው አየር መንገዱ ስለሚረዝም ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» የሚለው ማብራሪያ ስህተት ነው። የላይኛው አየር እንዲያውም ቀድሞ ነው የሚያልፈው። ዘፈን አእምሮ ላይ ይጣበቃል፤ ስህተት ካለው ስህተቱም አብሮ ይጣበቃል። ስለዚህ ግጥሙን ከመለማመዳችሁ በፊት የሚያውቅ ሰው ይየው።

👉 ማን ይሥራው?

አባባ ተስፋዬ በተረትና በጨዋታ ስንቱን ትውልድ እንዳሳደጉ እናውቃለን። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ላይ ያለችው ቀጭኔም ስሟ ፀሐይ ነው፤ ልጆችን በአሻንጉሊትና በዘፈን አስተምራለች።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ወልቂጤ ይሁን እንጂ ግቢው እኛው ጋር ጉብሬ ነው። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች፣ ፊዚክሱ በእጃችሁ ነው። ዜማ የሚችል ጓደኛ አታጡም። ግጥሙን በአማርኛም በጉራጊኛም ጻፉት፤ ልጅ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ የገባውን ነገር አይረሳውም።

የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ጄሪካንና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቀጥሎ «እንዴት ይበራል?» ስትሉት ዝም የማይል ልጅ ይኖረናል።

እናንተ ትምህርት ቤት እያላችሁ በዘፈን የተማራችሁት፣ እስከ ዛሬ ያልረሳችሁት ነገር ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለምታውቁት መምህርም ሼር አድርጉለት።