አሮጌ ፒካፕ ላይ ቤት ሠርቶ መጓዝ… ትዳራችሁ ይችለዋል?

ጡረታ የወጣ ባል ምን ይሠራል? አንዱ ዳማ ሲጫወት ይውላል፤ አንዱ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ያመላልሳል፤ አንዱ ደግሞ ማድ ቤት ድረስ ገብቶ «ሽንኩርቱ አረረ እኮ» እያለ ሚስቱን ይነዘንዛል። የእኔው ባለቤት ግን «አሮጌ ፒካፕ ልግዛ» አለ። ጭነት ሊያመላልስበት እንዳይመስላችሁ። ከኋላዋ ትንሽ ክፍል አሠርቶ፣ ፍራሽ ዘርግቶ፣ እኔን ይዞ ከሐይቅ ሐይቅ እየዞረ ሊያድርባት ነው! የሰፈራችን ሰው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብሎ ሳቀብን።

የምንኖረው ናዝሬት ነው፤ የዛሬዋ አዳማ። መኪናዋ ከተገዛች 3 ዓመት አልፏታል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የማወጋችሁ አሮጌ መኪና እንዴት ቤት እንደሚሆን ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ወደ ትዳር ከመግባቱ በፊት ባልና ሚስት ምን ምን መነጋገር እንዳለባቸው ጭምር ነው።

የሾፌር ሚስት የምታውቀው

ፈረንጆች መኪና ላይ መኝታና ማብሰያ ሠርተው አገር ላገር መዞር የቆየ ልማዳቸው ነው። ከካይሮ ኬፕታውን የሚባለው ረጅም መንገድ በሻሸመኔና በሞያሌ በኩል ስለሚያልፍ፣ በእኛ ሐይቆች ዳር መኪናቸውን አቁመው ልብስ ሲያሰጡ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም።

ይሁን እንጂ መኪና ውስጥ ማደርን ከእነሱ አልተማርንም። የእኛ ሾፌሮች ኖረውበታል። «ኤንትሬ» የሚባለው ከባድ መኪና ጣሊያን አገር እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1988 ይሠራ የነበረው የፊያት 682 ዘር ነው። ጋቢና፣ ካሶኒ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ የምንላቸው ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ባለቤቴ በረዳትነት ጀምሮ 28 ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። እስከ 1990 ዓ.ም. የአሰብ መስመር ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ መስመሩ ሲዘጋ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ መኝታ፣ ከተሳቢው ሥር የሚነጠፍ ሰሌን፣ የላምባ ምድጃና አንድ ጀሪካን ውሃ… ቤቱ ይህ ነበር። እኔ ጋ በወር 5 ወይም 6 ሌሊት ቢያድር ነው። ልጅ ሲታመም እኔ፣ ጣሪያ ሲያፈስ እኔ፣ ለቅሶ እኔ፣ ዕድር እኔ!

ታዲያ ይህ ሰው ጡረታ ወጥቶ «መኪና ልግዛ» ሲለኝ ልቤ ምን እንዳለ የሾፌር ሚስቶች ታውቁታላችሁ። «ደግሞ ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«አሁን እንኳ አብረን ነው» አለኝ።

«እንዲያ ከሆነ ቁጭ በልና እንነጋገር።»

ገንዘቡ የማን ነው?

የነበረን ቁጠባ ግቢያችን ውስጥ የጀመርናቸውን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ጨርሰን ለማከራየት ያስቀመጥነው ነው። እሱ «የጡረታዬ» ይላል፤ እኔ «የቤታችን» እላለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች ዝም ይላሉ። ዝም አትበሉ! የፌዴራሉ የ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በትዳር ዘመን የተፈራን ንብረት በመሠረቱ የጋራ ነው የሚሉት። ሊብሬው በባል ስም ስለወጣ ብቻ መኪናዋ የባል የግል አትሆንም። ደመወዙን ያመጣው እሱ ቢሆን ቤቱን ያቆመችው ሚስት ናትና።

እኔ ሦስት ነገር ጠየቅሁ።

አንደኛ፣ ሰርቪሶቹ ይለቁ፤ ተከራይ ይግባባቸው፤ ከዚያ በተረፈው መኪና ይገዛ። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀ። እየተነጫነጨም ቢሆን ጠበቀ።

ሁለተኛ፣ ለጥገናና ለነዳጅ ከኪራዩ የተወሰነ ድርሻ ብቻ ይመደብ። እሱ ካለቀ መኪናዋ ትቁም። ለጎማ ተብሎ ዕቁብ አይበላም፤ ብድርም የለም። አሮጌ መኪና ሆዷ አይሞላም፤ ልክ ካላበጃችሁላት ቤታችሁን ትበላለች።

ሦስተኛ፣ ማታ አይነዳም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንቆማለን። በዚህኛው ላይ ከሁሉም በላይ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን «እሺ» አለ።

መኪናዋን ስትመርጡ

ከውጭ የተሠራላትን አስመጣለሁ የምትሉ ካላችሁ፣ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ይሻላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የሚያዋጣው እዚሁ ያለችውን መፈለግ ነው። የእኛዋ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ወጥታ ሦስት ሰው እጅ ያለፈች ባለ አንድ ጋቢና ላንድክሩዘር ፒካፕ ናት። ሞተሯ ቱኤች የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ ባለ 4 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ነው። ቀርፋፋ ናት፤ ዳገት ላይ ባጃጅ ሊቀድማት ይደርሳል። ግን ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ጣጣ ስለሌላት የትኛውም ከተማ ያለ የናፍጣ መካኒክ ይፈታታል።

ባለቤቴ መኪና ሲገዛ የሚያየውን ልንገራችሁ። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ ይመለሳል፤ ሞተር የሚፈተነው ጠዋት በቀዝቃዛው ሲነሣ ነው። ቀለም አያታልለውም፤ ሥሯ ገብቶ ሻንሲው የተበየደ ወይም የዛገ መሆኑን ያያል። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል። ብር ከመክፈሉ በፊት ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ከመዘገባት መሥሪያ ቤት ያጣራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል አይደል?

ክፍሏ እንዴት ተሠራች?

አስቀድማችሁ መኪናዋ የተመዘገበችበትን የትራንስፖርት ቢሮ ጠይቁ። ያልተፈቀደ የአካል ለውጥ የዓመት ምርመራና ቦሎ ሲመጣ ያስጨንቃል።

ካሶኒዋ ላይ በቱቦላሬ ብረት አፅም አቆምን፤ ውጪውን በላሜራ፣ ውስጡን በኮምፔንሳቶ አለበስነው። ሙቀት እንዳይዝ ነጭ ቀለም ቀባናት። በያጁ «ከፍ ላድርገው፣ ቆማችሁ ትሂዱበት» ሲል ባለቤቴ እምቢ አለው። አዳማ የነፋስ ማመንጫዎቹ የተተከሉባት ለጌጥ አይደለም፤ ከፍ ያለ ሣጥን የተሸከመች መኪና ጎን ለጎን በሚመጣ ንፋስ ትወዛወዛለች። ከባድ ከባዱ ዕቃ ከታችና ወደ ጋቢናው በኩል ይቀመጥ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የመጫን አቅም በታች ሁኑ።

መኝታው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለጠብ ግን አይበቃም። ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ሁለቱም ወንፊት ለብሰዋል። አጎበር የግድ ነው። የሐይቆቹ አካባቢ ወባ አለበት።

እናንተ ቡና ወዳዶች፣ ይህቺን ስሙኝ። ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ወደ ክፍሏ እንዳይገባ! «አመድ ለብሷል፣ በርዷል» ብሎ ለሙቀት ማስገባትም አይቻልም። የከሰል ጋዝ አይሸትም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። እኛ ቡናውን ውጪ አፍልተን፣ ምድጃውን ውሃ አፍስሰንበት ነው የምንገባው። ቡታ ጋዙም የሚቀጣጠለው በሩ ተከፍቶ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ይኸው ነው፤ እዚሁ ጎረቤታችን ወንጂ ለብዙ ዓመት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ ሠራተኞችን አጥንት ጎድቷል። ማፍላት አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። ስለዚህ የመጠጡን ውሃ ከቤት ይዘን እንወጣለን፤ ካለቀም የታሸገ እንገዛለን። የመንገዱ ውሃ ለዕቃና ለእግር ነው።

ባቱ ላይ ያደርንባት ሌሊት

የመጀመሪያ ጉዟችን በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) አድርገን ላንጋኖ ነበር። በነባሩ መንገድ፣ በዝግታ። መቂ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ገዛን። ባቱ ልንገባ ስንል ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው ጎማ ይጮህ ጀመር። ሰዓቴን አየሁ፤ 12 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ቀርቶታል።

«እዚህ እንቁም» አልኩት።

«ላንጋኖ እኮ እዚህ ጋ ናት! ስንቴ አሰብን በሌሊት የገባሁ ሰው ነኝ።»

«አሰብ ስትገባ ብቻህን ነበርክ። አሁን እኔ አለሁ።»

አልመለሰልኝም። አንድ ፔንሲዮን ግቢ አስፈቅዶ፣ የማደሪያ ከፍሎ አቆመ። ዓሣ በላን፤ ቃል አልተነፈሰም። ቤት ቢሆን ኩርፊያ ሲመጣ እሱ ወደ ግቢ፣ እኔ ወደ ማድ ቤት ነበር። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን የት ይኬዳል? ፋኖሱን አጥፍተን ጎን ለጎን ተጋደምን።

ብዙ ቆይቶ ጨለማው ውስጥ መናገር ጀመረ። ከአሰብ ሲመለስ፣ ሚሌን ካለፈ በኋላ፣ ረዳቱ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። የ19 ዓመት ልጅ ነው። ከወንበሩ ጀርባ አስተኝቶ ሐኪም ጋ ላድርሰው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ነዳ። ልጁ አዋሽ ሳይደርሱ አረፈ። እስኪነጋ ድረስ ግን አላወቀም፤ የተኛ መስሎት እያጫወተው ነበር የሚነዳው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«አንቺ አራስ ነበርሽ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ያን ቀን አስታወስኩ። ቤት ገብቶ ምግብ አልበላም፤ ጋቢናውን እስከ ማታ በሳሙና ሲያጥብ ዋለ። ጠይቄው «አቧራ ነው» ብሎኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።

ጠዋት መካኒኩ መጣ። «አከም ቡልተን?» አለን፤ እንዴት አደራችሁ ማለቱ ነው። ጎማውን ፈትቶ ኩሽኔታውን አሳየን፤ ተበልቶ አልቋል። «ማዘር፣ ትንሽ ብትሄዱ ጎማው ይወልቅ ነበር» አለኝ። ባለቤቴ ወደኔ ዞሮ «12 ሰዓት ማለት 12 ሰዓት ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስታውሰው እሱ ነው።

ለመሞከር ለምትሹ

የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚከለስ እኛ በዓመት ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በላይ አንወጣም። ሩቅም አንሄድም፤ ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ቢበዛ ሻሸመኔ። ባለፉት ዓመታት በኦሮሚያ በተለያዩ ቦታዎች የጸጥታ ችግር ስለነበረ፣ የመንገዱን ሁኔታ ከዚያው ከሚመላለሱ ሾፌሮች ሳንጠይቅ አንነሣም። ሜዳ ላይ ወይም መንገድ ዳር አናድርም፤ ዘበኛ ያለበት ግቢ እንለምናለን፣ እንከፍላለን። ስኮርታ ጎማ፣ ክሪክ፣ ትርፍ የራዲያተር ጎማ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ሳንይዝ ከከተማ አንወጣም።

መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ግን ይህን ሞክሩ። ከሚያውቁት ሰው ፒካፕ ተዋሱ ወይም ተከራዩ፤ ካሶኒዋ ላይ ሸራ ወጥሩና ፍራሽ አንጥፉ፤ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩባት። ከዚያ ሶደሬ ሁለት ሌሊት። ስትመለሱ እየተነጋገራችሁ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ብሩ አስቡ። ሥራም ተካፈሉ፤ ባል እየነዳ ሚስት እያበሰለች ብቻ ከሆነ ማድ ቤቱ ጎማ አወጣ እንጂ ዕረፍት አልሆነም። የእኔው ወጥ መሥራት ያውቃል፤ 28 ዓመት ማን ሠርቶለት ነበር?

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል። ስድብና ዱላ ያለበት ትዳር መኪና ላይ አይድንም። መሸሻ በሌለበት ጠባብ ክፍል ከሚፈሩት ሰው ጋር አይታደርም። ኩርፊያና ዝምታ ብቻ ለሆነበት ቤት ግን የክፍሏ ጥበት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ጀርባ ሰጥቶ እንኳ መተኛት ያስቸግራል!

ባሎቻችሁ ጡረታ የወጡ ሴቶች፣ መኪናም ባይሆን የሚያስወጣችሁ ነገር ፈልጉ። ለዓመታት በየፊናው የኖረ ባልና ሚስት አንድ ጣሪያ ሥር ስለገባ ብቻ አይተዋወቅም። ወጪውን በልክ፣ ሰዓቱን በስምምነት፣ ከሰሉን ከደጅ አድርጉ። መንገዳችሁ ቀና ይሁን!