ኤሌክትሪክን ወደ ገጠር ግቢ ስለ ማስገባት

ኃይለ ኤሌክትሪክ ሥርዐቱን ለሚያውቅለት ሰው ትጉህ አገልጋይ ነው፤ ለማያውቅለት ግን ንብረትንና ሕይወትን የሚያጠፋ ጠላት ነው። አገራችን በ1952 ዓ.ም. የቆቃን ግድብ ሥራ አስጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁን የሕዳሴ ግድብ መረቀች። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ኃይል ገበሬውን መጥቀሙ ወይም መጉዳቱ የሚታወቀው ከቆጣሪው ወዲህ ባለው ጥቂት ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ በእኛ በቀወት ገጠር ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ግቢ ከመግባቱ አስቀድሞ ምን ሊታሰብበት እንደሚገባ ባጭሩ እገልጣለሁ።

የቀወት ግቢ አንድ ቤት ብቻ አይደለም። ዋናው ቤት፥ ማድ ቤቱ፥ የከብቱ በረትና ጎተራው ተራርቀው ይሠራሉ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለማ ሰው ደግሞ የውሃ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ለመብራት ብቻ ያስገባና፥ ቆይቶ ከዚያው ከቀጭኑ ሽቦ ለማድ ቤቱም ለበረቱም ይቀጥላል። በመንደራችን አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ወደ በረቱ የሳበው ሽቦ በቆርቆሮው ጠርዝ ተልጦ ኖሮ፥ በዝናብ ቀን አንድ በሬ ገደለበት። ጥማዱ ፈረሰ፤ የዚያን ዓመት መሬቱን በመከናጆ አረሰ።

አንደኛው ሥራ የሚያስፈልገውን ኃይል መደመር ነው። ምጣድ 3,500 ዋት፥ ፓምፕ 1,500፥ ማቀዝቀዣ 150፥ ቴሌቪዥን 100፥ ስምንት ባለ 10 ዋት አምፖሎች 80 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 5,330 ዋት ይሆናል። ይህ ለ220 ቮልት ሲካፈል 24 አምፔር ያህል ነው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ፓምፑ ባይሠራ ግን ወደ 17 አምፔር ይወርዳል። ፓምፕ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፥ የእናትን የመጋገሪያ ሰዓትና የአባትን የመስኖ ሰዓት መለየት ትልቅ ጥቅም አለው።

ሁለተኛው ርቀቱን መለካት ነው። ከአባቴ ጋር ስንለካ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤታችን 40 ሜትር ሆነ። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 80 ሜትር ነው። ሽቦው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ቢሆን፥ ምጣዱ 16 አምፔር ሲስብ 15 ቮልት ያህል በመንገድ ይቀራል። ወደ 240 ዋት የሚደርስ ኃይል፥ ማለት አራት ባለ 60 ዋት አምፖል የሚያበራ፥ ሽቦውን ሲያሞቅ ይጠፋል፤ ቆጣሪው ግን ያንኑም ይቆጥራል። ምጣዱ በደንብ አይግልም፤ በቆላችን ሙቀት ላይ የሽቦው ግለት ሲጨመር ደግሞ ለቃጠሎ ያሰጋል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ቢሆን የሚቀረው ከ4 ቮልት በታች ነው።

ሦስተኛው ለየቤቱ የራሱን መሥመርና ብሬከር ማድረግ ነው። ብሬከሩ የሚመረጠው በሽቦው ውፍረት ልክ ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር መግጠም ዘበኛውን ተኛ ብሎ እንደ ማዘዝ ነው።

አራተኛው የመሬት ሽቦ ነው። የምጣዱና የፓምፑ ብረት ወደ መሬት ጠልቆ ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ጋር ይያያዛል። በበጋ አፈራችን ስለሚደርቅ ዘንጉን እርጥበት ባለበት ቦታ መትከል ይሻላል። ከዚህም ጋር፥ 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመሥመሩ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያቋርጥ መሣሪያ ቢገጠም ሰውንም ከብትንም ያድናል።

አምስተኛው የሽቦው መንገድ ነው። ሽቦ በቆርቆሮ ላይ፥ በዛፍና በአጥር ላይ አይጋደምም፤ በጭድና በአገዳ ክምር አጠገብም አያልፍም። በምሰሶ ቢሄድ እግሩን ምስጥ እንዳይበላው መጠበቅ ነው። በመሬት ውስጥ ቢሄድ ለዚሁ የተሠራ ገመድ በቱቦ ውስጥ ሆኖ፥ ማረሻና ዶማ ከማይደርስበት ጥልቀት ይቀበራል።

ወፍራም ሽቦ ውድ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሁሉን በቀጭን ሽቦ ከማዳረስ አንዱን አጥብቆ መሥራት ይበልጣል። እኛም ገንዘቡ ለሁሉ ስላልበቃ ማድ ቤቱን አስቀድመን በረቱን ለሚመጣው ዓመት አቆየነው፤ እስከዚያው ከብቶቹን በባትሪ መብራት እናያለን።

ውድ ጓደኞቼ፥ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የኦም ሕግ ለፈተና ብቻ የተሰጠን አይደለም። ሽቦ መቀጠሉን ፈቃድ ላለው ባለሙያ እንተውለት። ግቢውን መለካት፥ ዋቱን መደመርና በወረቀት ላይ መንደፍ ግን የእኛ ድርሻ ነው፤ ወላጆቻችን ሽቦውን ከመግዛታቸው በፊት እናድርገው።