ኮምፒዩተሩ ከተላከ በኋላስ?

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለተማርንባቸው ትምህርት ቤቶች ኮምፒዩተር ከመላካችን በፊት አንድ ጥያቄ መቅደም ያለበት ይመስለኛል፤ ኢንተርኔት በሌለበት መምህሩ በምን ያስተምርበታል?

መፍትሔው በነጻ ይገኛል። ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ኮሊብሪ ደግሞ ቪዲዮና መልመጃ ይዞ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይጫንና በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ዋይፋይ ለተማሪዎቹ ያዳርሳል። መምህሩም ማን የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተቸገረ ያያል።

ትልቁ እንቅፋት ቋንቋ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀው ጥቂት በመሆኑ፣ ሒሳብ የከበደው ልጅ እንግሊዝኛውም ተጨማሪ ሸክም ይሆንበታል። ኮሊብሪ ግን የራስን ትምህርት መጨመር ይፈቅዳል። ስለዚህ ሙያው ያለን ሁሉ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አጫጭር ማብራሪያዎችን ከአገር ቤት መምህራን ጋር እየተመካከርን እናዘጋጅ እላለሁ። ኮምፒዩተሩ ቢያረጅ እንኳ ትምህርቱ ወደ ሌላው ይገለበጣል።