ነበልባልን ስለ መሣል

ባለፈው በጋ የጎረቤታችን ማድ ቤት ሲቃጠል ከቤታችን ልጆች አንዱ ቆሞ አይቶ ነበር። ስለ ነገሩ ብንጠይቀው አልተናገረም፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣና «ያየሁትን እሳት እንደ ፊልም እየተንቀሳቀሰ መሣል እፈልጋለሁ፤ የሣልሁት ሁሉ ግን የኮባ ቅጠል ይመስላል» አለን። እውነትም ዙሪያው በጥቁር መስመር የታጠረ፣ ውስጡ ቀይ የሆነ ቅጠል ነበር።

በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ የሠለስቱ ደቂቅ እሳት እንዲህ ባለ ቅርጽ ተሥሎ ይገኛል፤ በዚያ ግን ነውር የለበትም፤ ሠዓሊው የሚነግረን የልጆቹን አለመቃጠል ነውና። የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚሻ ሰው ግን እሳቱን ራሱን መመልከት ይገባዋል። ስለዚህ መብራቱን አጥፍተን ሻማ አበራን። ነበልባሉ ከሥሩ ስስና ሰማያዊ ነው፤ ክሩን የከበበው ጠቆር ያለ ነው፤ የሚያበራው ቢጫ ከዚያ በላይ ነው። ማንኪያ ወደ ቢጫው ብናስገባ ወዲያው ጥላሸት ለበሰ። ቢጫው ብርሃን የሚመጣው ከዚሁ ደቃቅ ጥላሸት መጋል እንደ ሆነ እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በሎንዶን ለወጣቶች በጀመረው የሻማ ትምህርት አስረድቷል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ሠዓልያን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ስለሚያሳዩት 12 ሥዕል ይበቃል። ልጁ በትጋት 12 ሣለ፤ ወረቀቱን በፍጥነት ብናገላብጠው ነፋስ የሚመታው ባንዲራ ሆነ! ነበልባሉን ከሥሩ እስከ ጫፉ ግራና ቀኝ አወዛውዞታልና። የጋለ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው ከጎን ገብቶ የነበልባሉን ወገብ ያጠባል፤ ይህም ጠባብ ወገብ በየሥዕሉ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ጫፉን ይቈርጠዋል፤ የተቈረጠውም ምላስ ወዲያው ይጠፋል። አንዱም ወደ ታች አይመለስም።

ሁለተኛው ስሕተት የሁላችንም ነበር፤ ትልቅ እሳት ከትንሹ ይልቅ ይቸኩላል ብለን እናስብ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ እሳት በሴኮንድ 5 ጊዜ ያህል ሲተነፍስ፣ አንድ ሜትር የሆነው አንድ ጊዜ ተኩል ያህል፣ አራት ሜትር የሆነው ከአንድ ጊዜ በታች ይተነፍሳል። ደመራን በሻማ ፍጥነት የሚሥል ሰው መጫወቻ ያደርገዋል። በአሜሪካ በ1942 የወጣውን የዋልት ዲስኒን «ባምቢ» ያየ ሰው አዳኞች ከተዉት እሳት የተነሣው ቃጠሎ ደኑን ሲበላ ያስታውሳል፤ ያ ሁሉ በእጅ የተሣለ ነው።

ልጁ ሥራውን እንደ ገና ጀመረ፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን ማድ ቤቱ በወረቀት ላይ ሲነድ አየን። የተቃጠለባቸው ጎረቤታችን ሊጠይቁን መጥተው ነበርና ወረቀቱን እያገላበጠ አሳያቸው። ብዙ ዝም ብለው ቈዩና፣ «ልጄ፣ እሳቱስ እሱ ነው፤ ጢሱን ግን ረሳኸው። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጢሱን ነው» አሉት።

እሱም እርሳሱን አንሥቶ ጢሱ በየት በኩል እንደ ወጣ ይጠይቃቸው ጀመር።